ረጅሙን ልጅ ከመምረጣችሁ በፊት፦ በሐዋሳ የታዳጊ ምልመላ ላይ ቁመትን ለክቶ የመመዘን መመሪያ

ከ13 ዓመት በታች የእግር ኳስ ታዳጊዎች ለምልመላ ተሰብስበው ሜዳ ላይ ሲቆሙ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ትከሻው በሰፋውና እኩዮቹን በአንድ ራስ በሚበልጠው ልጅ ላይ ነው። ሩጫ ሲባል ይቀድማል፤ ኳስ ሲመታ ሩቅ ያደርሳል፤ ትከሻ ለትከሻ ሲጋፉ ሌላው ይወድቃል። መልማዩ ያየው ነገር እውነት ነው፤ ልጁ በዚያ ጠዋት ከሁሉም የተሻለ ነው። ነገር ግን የታዳጊ ሥልጠና ፕሮጀክቱ የሚፈልገው የዚያን ጠዋት አሸናፊ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ ዋናው ቡድን ውስጥ የሚሰለፈውን ተጫዋች ነው። በ13 ዓመት ላይ ቁመት በዋናነት የሚናገረው የልጁ ሰውነት ወደ ጉርምስና መቼ እንደገባ ነው። ስለዚህ ቁመትን መለካት አለብን፤ የምንለካውም ረጅሙን ለመውሰድ ሳይሆን የማንን ብቃት ጉርምስና እንዳሳበጠው፣ የማንን ደግሞ እንደሸፈነው ለማወቅ ነው።

የበረዶ ሆኪ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኛ በፊት ብዙ ተከራክረዋል። በሰሜን አሜሪካው ሊግ ክለቦች ወጣቶችን ተራ በተራ የሚመርጡት 18 ዓመት አካባቢ ነው። በዚያ ዕድሜ የአብዛኛው ወንድ ቁመት ከሞላ ጎደል አልቋል። እንዲያም ሆኖ ይስታሉ። 1.73 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ማርቲን ሴንት ሉዊስን በዚያ ምርጫ የወሰደው ክለብ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ግን የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። እኛ የምንመርጠው በ12 እና በ13 ዓመት፣ ሰውነት ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። የመሳሳት ዕድላችን ከእነሱ እጅግ ይሰፋል።

ዕድሜን በሁለት ካላንደር መቁጠር

ከቁመት በፊት ዕድሜ መጥራት አለበት፤ ዕድሜው ያልተረጋገጠ ልጅ ቁመት ምንም አይነግራችሁም። የፊፋና የካፍ የዕድሜ ምድብ የሚቆጠረው በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ነው። ይህ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 22። የልደት ዓመትን ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ደምሩ፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8፤ ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት ባለው ዓመት ግን ታኅሣሥ 22 ለተወለደም 8። ኅዳር 2005 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2012 ነው፤ ጥር 2005 የተወለደው የ2013። ሁለት ወር ብቻ የሚለያዩት ልጆች በሁለት ምድብ ይወድቃሉ። በተቃራኒው ጥር 2005 የተወለደው እና ታኅሣሥ 10 ቀን 2006 የተወለደው፣ 11 ወር ያህል ቢበላለጡም፣ በአንድ ምድብ ይጋጠማሉ። ለሁሉም 8 መደመር በየምልመላው የምናየው ስህተት ነው፤ ልጁን ባልሆነበት ምድብ ያስገባዋል።

የ11 ወር ልዩነት በ13 ዓመት ቀላል አይደለም። የካናዳ ወጣት ሆኪ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲጠኑ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከድርሻቸው በላይ በዝተው ተገኙ። ያው ነገር በእግር ኳስም በተደጋጋሚ ታይቷል። በእኛ መዝገብ ላይ ለመፈተሽ የዓመቱን ልጆች በአራት ሩብ ክፈሏቸው፦ ከታኅሣሥ 23 እስከ መጋቢት 22፣ ከዚያ እስከ ሰኔ 23፣ ከዚያ እስከ መስከረም 20፣ የቀረው አራተኛው ሩብ። ከተመረጡት 20 ልጆች 11 ወይም 12ቱ የመጀመሪያው ሩብ ልጆች ከሆኑ የመረጣችሁት ብቃትን ሳይሆን የልደት ወርን ነው።

ለማስረጃ አንድ ወረቀት አይበቃም። የልደት ምስክር ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ሊሆን ስለሚችል የክትባት ካርዱን፣ የክርስትና ካርድ ካለ እሱን፣ የትምህርት ቤት መዝገቡንና የታላቅና የታናሽ ወንድሞቹን የልደት ዓመት አብራችሁ እዩ። ታላቁ በአምስት ወር የሚበልጠው ከሆነ አንደኛው ቀን ስህተት ነው። በጢምና በጥርስ ዕድሜ አትገምቱ፤ ቀድሞ የጎረመሰ ሐቀኛ ልጅ በዚህ ግምት ይዋረዳል። ዕድሜ ቀንሶ የሚያመጣ ወላጅ ሲገጥማችሁም ስለ ኤምአርአይ ንገሩት። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንት በዚህ ምርመራ ያስፈትሻል፤ ወረቀት ያለፈ ልጅ እዚያ ሊወድቅ ይችላል።

አለካክ

የልብስ ሰፊ ሜትር ስለሚለጠጥ አትጠቀሙበት። የአናጢ የብረት ሜትር፣ አንድ ስኳድራ (የአናጢ ቀጥ ማዕዘን መለኪያ)፣ ግርጌው ላይ ዞኮሎ (ወጣ ያለ ጠርዝ) የሌለው ግድግዳና ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ወለል ይበቃሉ። ሜትሩን ዜሮው ወለሉን ነክቶ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ በፕላስተር ለጥፉት። ልጁ ጫማና ካልሲ አውልቆ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ጀርባውን ግድግዳው ላይ ያስደግፍ። አገጩ አይነሳ፤ የዓይኑ የታችኛው ጠርዝና የጆሮው ቀዳዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ ይሁኑ። ትንፋሽ ሳብ ሲያደርግ ስኳድራውን ጸጉሩን ተጭናችሁ እስከ ራስ ቅሉ አውርዱና እስከ ሚሊ ሜትር አንብቡ። ከዚያ ልጁ ወጣ ብሎ ተመልሶ ይቁም፤ ድገሙት። ሁለቱ ንባቦች ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ለኩና መካከለኛውን ውሰዱ። የሰው ቁመት ከጠዋት እስከ ማታ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ስለሚቀንስ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከልምምድ በፊት ይለካ። አንዴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ከለካችሁ በሦስት ወር ውስጥ የመጣውን እድገት ግማሹን ሰዓቱ ይበላዋል።

ለክብደት ሚዛኑን በሲሚንቶ ወለል ላይ አድርጉ፤ በሣርና በምንጣፍ ላይ ይዋሻል። ልጁ በቁምጣና በቲሸርት ብቻ ይመዘን። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ አይነበብ፤ የሚለካውና የሚጽፈው ብቻ ይስሙት። «ድንክ» ወይም «ዝሆን» የሚል ቅጽል ስም በመለኪያው ግድግዳ ዙሪያ ይወለድና ልጁን ለዓመታት ይከተለዋል፤ እዚያው መቆረጥ አለበት። ሴቶች ልጆችን የምትለካ ሴት ትሁን፤ ከሜዳው ዕይታ ውጭ።

ከቁጥሩ ምን እናነባለን

የሰውነትን ደረጃ ለመገመት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ቀላል ስሌት አለ፤ ካልኩሌተር ይበቃዋል። ዕድሜን በዓመት በአስርዮሽ ጻፉ፤ 13 ዓመት ከ6 ወር 13.5 ነው። ዕድሜውን በቁመቱ በሳንቲ ሜትር አባዙ፤ ውጤቱን በ0.0036124 አባዙ፤ ከዚያ 8 ቀንሱ። የቀረው ቁጥር ልጁ ቁመቱ እጅግ ፈጥኖ ከሚጨምርበት ወቅት ስንት ዓመት እንደቀረው ወይም እንዳለፈ ይገምታል። ለሴቶች ማባዣው 0.0042232፣ የሚቀነሰው 7.709 ነው።

13.5 ዓመት የሞላቸው ሁለት ልጆች እንውሰድ። አንዱ 148 ሳንቲ ሜትር ነው፦ 13.5 በ148 1998 ይሆናል፤ በ0.0036124 ሲባዛ 7.22፤ 8 ሲቀነስ −0.78። ትልቁ እድገቱ ገና ከዘጠኝ ወር በኋላ ይጠበቃል። ሌላው 169 ሳንቲ ሜትር ነው፦ 8.24፣ ማለትም +0.24፤ ጫፉን ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። በልደት እኩያ ናቸው፤ በሰውነት ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ይበላለጣሉ። ዛሬ 21 ሳንቲ ሜትር የሚለያያቸው ልጆች በ18 ዓመታቸው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስሌቱ ድካም አለበት። የተሠራው ከሌላ አገር ልጆች መረጃ ነው፤ ዕድሜው ከተሳሳተ መልሱም ይሳሳታል፤ ቀድመው የጎረመሱትንና የዘገዩትን ወደ መካከል ስለሚስብ እውነተኛው ልዩነት ብዙ ጊዜ ስሌቱ ከሚያሳየው ይሰፋል። ምግብ ባነሰበት ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ጉርምስናው ይዘገያል። ስለዚህ ልጆቹን ለመደርደር ተጠቀሙበት፤ ለመቁረጥ አትጠቀሙበት።

ከስሌቱ ይልቅ የሚታመነው የእድገት ፍጥነት ነው። በየሦስት ወሩ፣ ለምሳሌ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ልጁን ለኩት። ከጉርምስና በፊት ወንድ ልጅ በዓመት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በሦስት ወር ከ1.5 አይበልጥም። በጫፉ ላይ በዓመት ከ8 እስከ 10 ይደርሳል፤ በሦስት ወር ከ2 በላይ። በሁለት ተከታታይ ልኬት የታየው ጭማሪ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ ገና አልጀመረም፣ ወይ ጨርሷል። የትኛው እንደሆነ በድምፁ ለውጥና በትከሻው ስፋት ይለያል። ረጅም ሆኖ እድገቱ የቆመ የ13 ዓመት ልጅ ከጎኑ ያሉት አንድ በአንድ ሲደርሱበት ታያላችሁ።

የወላጆች ቁመትም ይረዳል። ለወንድ የአባትና የእናትን ቁመት ደምሩ፣ 13 ጨምሩ፣ ለሁለት አካፍሉ፤ ለሴት 13 ቀንሱ። አባት 174፣ እናት 160 ቢሆኑ 173.5 ይመጣል። ይህ መካከለኛ ግምት ነው፤ ወደላይም ወደታችም እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ወላጆቹን ራሳችሁ ለኩ፤ አባቶች ቁመታቸውን ሲናገሩ ይጨምራሉ። አባት በሕይወት ከሌለ አጎትን በምትኩ አታስገቡ፤ ቦታውን ባዶ ተዉትና በእድገቱ ፍጥነት ተማመኑ።

የምልመላው ቀናት

ሜዳው ራሱ ወገን ይለያል። ደረቅና ጎርበጥባጣ አቧራማ ሜዳ ላይ ኳስ እየነጠረ ስለማይያዝ ረጅም ኳስና ጉልበት ያሸንፋል፤ በክረምት ጭቃም እንዲሁ። የመጀመሪያ ንክኪው ያማረ ትንሽ ልጅ በዚያ ላይ ማሳየት የሚችለው የለም። ሐዋሳ ላይ ሙሉ ሜዳ ደልዳላ ማግኘት ካልተቻለ 30 በ20 ሜትር የሆነ አንድ ደህና ጥግ ፈልጉ፤ ጠጠሩን አንሱ፤ በኮን ክፈሉት። ለአራት በአራት ጨዋታ ይበቃል። ሙቀቱ ሳይከብድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጨርሱ።

አንድ ቀን አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን በዕድሜ አጫውቱ። በሁለተኛው ቀን በሰውነት ደረጃ መድቧቸው፦ የስሌቱ ውጤት ከ−0.5 በታች የሆኑትን ለብቻ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ለብቻ። በትንሾቹ መካከል ሲጫወት ድንገት የሚያዝ፣ የሚጠይቅ፣ ጨዋታ የሚመራ ልጅ ብቅ ይላል። በትልልቆቹ መካከል ደግሞ መጋፋት የማያዋጣው ባለጉልበት ልጅ ሌላ ምን እንዳለው ይታያል። ከሁለቱም የምታዩትን ልዩነት ጻፉ፤ የምልመላው ትልቁ መረጃ ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀላቅሏቸው።

ጨዋታው 4 ደቂቃ ይሁን፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ ስድስት ጊዜ፤ በየዙሩ ቡድኖቹ ይቀያየሩ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ከሁለት ንክኪ በላይ ከልክሉ። ኳስ ይዞ በሰውነት መሸፈን ሲቀር ማን አስቀድሞ እንደሚያስብ ወዲያው ይለያል። የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ኳስ ከመምጣቱ በፊት አንገቱን አዙሮ ያያል ወይ፤ የመጀመሪያ ንክኪው ኳሱን ወደ ክፍት ቦታ ይወስደዋል ወይስ እግሩ ሥር ይገድለዋል፤ ኳስ ሲነጠቅ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ምን ያደርጋል፤ ደካማ እግሩን ሲገደድ ይጠቀማል ወይ። እያንዳንዱን ከ1 እስከ 5 ስጡ። ሦስት መልማዮች ተራርቀው ይቀመጡ፤ ወረቀት ሳይሰበሰብ አይነጋገሩ። አንድ አንጋፋ አሰልጣኝ «ያ ረጅሙ!» ካለ በኋላ የሌሎቹ ነጥብ የራሳቸው አይሆንም።

የቢብ (ከላይ የሚደረበው ባለ ቁጥር ሰደርያ) ቁጥሩን በዕድሜ ቅደም ተከተል ስጡ፦ 1 ቁጥር ትልቁ፣ የመጨረሻው ቁጥር ትንሹ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት መልማዮች ቁጥሩ ዕድሜን እንደሚያሳይ ሲያውቁ ለትልልቆቹ ያላቸው አድልዎ እንደቀነሰ አሳይቷል። ወጪ የለውም፤ ስም ስትመዘግቡ ደርድሩ፣ በቃ።

የ30 ሜትር ሩጫ ከፈተናችሁ ውጤቱን በሰውነት ደረጃ ምድቡ ውስጥ ብቻ አወዳድሩ። በእጅ ሰዓት የተያዘ ሩጫ እስከ 0.2 ሰከንድ ሊስት ስለሚችል በ0.1 ሰከንድ ልጅ አታሰናብቱ።

በየቦታው ቁመት ስንት ያህል ይቆጠር

ቁመት በእውነት የሚቆጠርበት ቦታ ግብ ጠባቂነት ነው። ግቡ 7.32 በ2.44 ሜትር ነው፤ በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱት አብዛኛዎቹ ግብ ጠባቂዎች ከ1.85 ሜትር በላይ ናቸው። ግን እዚህም ስህተቱ ያው ነው፦ በ13 ዓመቱ ረጅም የሆነውን ልጅ በረኛ አድርገን በ17 ዓመቱ 1.74 ላይ ይቆማል። ለዚህ ቦታ የዛሬውን ቁመት ሳይሆን የወላጆቹን ግምትና የእድገት ፍጥነቱን እዩ፤ እስከ 15 ዓመት ደግሞ በረኞቹም ሜዳ ላይ በእግራቸው ይጫወቱ። ከ13 ዓመት በታች ልጆችን በ5 በ2 ሜትር ግብ አጫውቱ፤ በትልቁ ግብ ከአናቱ በላይ የሚያልፍ ኳስ የበረኛው ጥፋት አይደለም።

የመሐል ተከላካይ ቁመት ይጠቅመዋል፤ ግዴታ ግን አይደለም። 1.76 ሜትር ገደማ የነበረው ፋቢዮ ካናቫሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያንን በአምበልነት መርቶ ዓለም ዋንጫ አንስቷል። ለአማካይና ለመስመር ተጫዋች ቁመትን ከመመዘኛው ብታወጡት ምንም አይጎድልባችሁም፤ ሉካ ሞድሪች 1.72፣ ንጎሎ ካንቴ 1.70 እንኳ የማይሞላ ነው። ወደ ሌላው ጫፍም አትሂዱ፤ ማጠር በራሱ ችሎታ አይደለም። ትንሽ ሆኖ የሚንከራተት፣ አንገቱን የማያነሳ ልጅ ቁመቱ ሲጨምር አስተዋይ አይሆንም። ቀድሞ የጎረመሰ ልጅም ቁመቱ ጥፋቱ ስላልሆነ በጥርጣሬ አይታይ፤ ከትልልቆች ጋር እንዲጫወት ሲደረግ በጉልበት ብቻ ማለፍ ስለማይችል ኳሱን ለመማር ይገደዳል።

ከተመረጡ በኋላ

ልጅ በድንገት ሲረዝም ለጥቂት ወራት ይንገዳገዳል። ትናንት በትክክል የሚያቆመው ኳስ ዛሬ ያመልጠዋል፤ እግሩ ረዝሞ ልኩን ስላላወቀው ነው። ብዙ ጥሩ ልጆች ከፕሮጀክት የሚባረሩት ልክ በዚህ ጊዜ፣ «ወረደ» ተብለው ነው። በወር ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ እያደገ ያለን ልጅ አትቀንሱ፤ ዝላይና ሙሉ ፍጥነት ሩጫውን በሲሶ ቀንሱለት፣ የኳስ ሥራውን ጨምሩለት። ከጉልበት በታች ያለው እብጠት ሲነካ የሚያመው ወይም ተረከዙን የሚይዘው ከሆነ አጥንቱ ጅማቱን ቀድሞ እየረዘመ ነው፤ «ታገስ፣ ወንድ ሁን» ማለት ጉዳቱን ያራዝመዋል። ለሳምንታት የሚያነክስ ወይም ሌሊት የሚያመው ልጅ ሐኪም ይየው።

ምግቡንም ጠይቁ። ቆጮና ዳቦ ብቻ በልቶ የሚመጣ ልጅ የሚያድግበት ፕሮቲን ያንሰዋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ምስር በአቅም ይጨመር፤ ሐይቁ ደግሞ ቅርብ ነው፣ ቆሮሶ ዓሣ በሳምንት ሁለት ቀን ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ወላጅን ስታናግሩ የምግብ ስም ዘርዝሩ፤ «በደንብ ይብላ» የሚል ምክር ከቤት አይደርስም።

በመጨረሻ ስለ ቁጥሩ። 20 ልጅ የምትወስዱ ከሆነ 4 ቦታ በነጥብ ቅርብ ለሆኑና ስሌታቸው ከ−0.5 በታች ለሆነ ልጆች አስቀድማችሁ ያዙ። ያልገቡትን ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ ልጆች ስም፣ ቁመት፣ የልደት ቀንና የወላጅ ስልክ በአንድ ደብተር ላይ መዝግቡ። ሲሰናበቱ «አልተመረጥክም» ከማለት ይልቅ የሚመለሱበትን ቀን ንገሯቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ያለውን ቅዳሜ። በዚያ ቀን ደውሉ፤ ስልኩ ካልተነሳ በትምህርት ቤቱ በኩል ፈልጓቸው፤ እንደገና ለኳቸው፣ እንደገና አጫውቷቸው።